ጫማውን ያላወለቀው አስተርጓሚ

ባለቤቴን ቀብሬ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ከተዛወርኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ "ጋሼ ምን ነክቷቸው ሞቱ?" ሲሉኝ "እግሩን አሞት" እላለሁ። ሰሚው ግራ ይጋባል። "በእግር ሕመም?" ይለኛል። አዎ፣ በእግር ሕመም። ከዚያ በላይ ለማስረዳት ስጀምር ንዴቱ ስለሚቀድመኝ እተወዋለሁ። በጽሑፍ ሲሆን ንዴትን ማብረድ ይቻላል፤ ሁለት መስመር ጽፎ፣ ብዕሩን አስቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ መመለስ ነው። እንዲያ እያደረግሁ የጻፍኩት ስለሆነ አንባቢ ይታገሠኝ።

ትውልዴ መንዝ ነው። ወልቂጤ የመጣሁት በአስተማሪነት ተመድቤ ሲሆን እዚያው ወልዴን አገባሁ። ወልዴ የቸሃ ሰው ነው። በልጅነቱ መርካቶ አጎቱ ሱቅ አድጎ፣ ኋላ ተመልሶ ወልቂጤ ላይ የራሱን ሱቅ ከፈተ። አቡጀዲ፣ ጨው፣ ላምባ፣ ሚስማር ይሸጣል። ሰው የሚገዛው ባይኖረው እንኳ ለጨዋታ ወደ ሱቁ ጎራ ይላል። የተጣላ የሚታረቀው እሱ ዘንድ ነው። ከአዲስ አበባ እንግዳ የመጣ እንደሆነ ከተማው ደህና ማረፊያ ስላልነበረው የሚያርፈው እኛ ቤት ነበር፤ የአገሬውን ቋንቋ የሚያስተረጉምለትም ወልዴ ነው። የእንዲህ ያለ ሰው ሚስት መሆን ያኮራል። ግን እሱን ለማግኘት እንደማንኛውም ሰው ተራ መጠበቅ አለ።

ግራ እግሩ ተረከዝ ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ ያየኋት አልጋ ላይ እግሩን ሰቅሎ ሲያርፍ ነው። ያን ጊዜ የኑግ ፍሬ ብታህል ነው።

"ምንድን ናት?" አልኩት።

"እሾህ ናታ።"

እሾህ ይወጣል እንጂ አይሰፋም። እሷ ሰፋች። ክረምቱ ሲገባ ባቄላ አከለች፤ ጠርዟ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተዘረጋ፣ መሃሏ ቆስሎ ካልሲው ላይ ይጣበቅ ጀመር። በምላጭ ፋቃት። ፌጦ ቀባባት። ጤና ጣቢያ ሄደን ለድሬሰሩ እናሳየው ስለው "ዝም በይ" አለኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በልመና። ብዙ ከጨቀጨቅሁት በኋላ ነው ምክንያቱን የተናገረው።

"የማይድን የእግር ቁስል ምን እንደሚባል አንቺም ታውቂያለሽ።"

ሥጋ ደዌ ማለቱ ነው። ስሙን እንኳ አልጠራውም። ያ ስም ከወጣበት ከእጁ ጨው የሚቀበል አይኖርም። ከሱቁ ይልቅ የሚያስፈራው ግን መስቀል ነበር። የቸሃ ሰው ዓመቱን የትም ሠርቶ የትም ቢኖር ለመስቀል አባቱ ቤት ይገባል። ሰንጋው ይጣላል፤ ወንድማማቾች ከአንድ ጣባ ክትፎ ይጎርሳሉ።

"ለብቻዬ ጣባ ያቀረቡልኝ ቀን" አለኝ፣ "ያን ቀን ሞቻለሁ።"

አንድ የቆዳ ሐኪም ወልቂጤ የመጡት በዓመቱ፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዶክተር ታደለ እላቸዋለሁ፤ እውነተኛ ስማቸውን መጻፍ አልወደድኩም። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ገና በወጣትነታቸው ራሳቸው የተመለጠ፣ ቀልድ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የተማሩት ካንሰርን ከቆዳ ላይ ቆርጦ ማውጣትን ነው። አዲስ አበባ ላይ ጊዜያቸውን የሚበሉት ግን ወይዛዝርት እንደሆኑ በመጡበት ምሽት እራት ላይ አጫወቱን።

"ማድያት፣ ቡግር፣ ንቅሳት" አሉ ጣታቸውን እያጠፉ። "ቢላዬ ሊዝግ ነው። እስቲ ባላገር ወርጄ እውነተኛ በሽተኛ ልፈልግ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ወልዴ ሳቀ። "እዚህማ ዶክተር፣ ቡግር የሚያስጨንቀው ሰው የለም።"

"እናያለና።"

እኔ የማየው ወልዴን ነበር። ሁለቱንም እግሮቹን ወንበሩ ሥር ደብቋቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያው ግቢ ሰው ሞላ። ትምህርት ቤት ገና ስላልተከፈተ እኔም ሄድኩ። ዶክተሩ ደረጃው ላይ ቆመው ተናገሩ፤ ወልዴ አጠገባቸው ቆሞ በቸሃ ያስተረጉማል። ቋንቋውን እንደነሱ ባልናገረውም እሰማዋለሁ።

"በፈረንጅ አገር ይህ የቆዳ ካንሰር የሚወጣው ፀሐይ የሚመታው ፊትና ክንድ ላይ ነው" አሉ። "በእኛ ሰው ላይ ግን ፀሐይ ከማያየው ቦታ ይጀምራል። ከውስጥ እግር፣ ከተረከዝ። ጥቁር ነጥብ ነው፤ እሾህ ይመስላል። መጀመሪያ ላይ አያምም። ቶሎ ከተቆረጠ ሰው ይድናል። ስለዚህ ጫማ ያለው ያውልቅ፤ የሌለውም እግሩን አገላብጦ ያሳየኝ።"

ወልዴ አንድም ቃል አላስቀረም። "እሾህ ይመስላል" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተሰበረም። ሰዉ አፍሮ መሬት መሬት ሲያይ ደግሞ ሐኪሙ ያላሉትን ከራሱ ጨመረበት።

"ይህን እግር እናታችሁ አጥባዋለች። እናታችሁ ያላፈረችበትን እናንተ ምን ታፍሩበታላችሁ?"

ግቢው በሳቅ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አንዱ በሌላው ትከሻ እየተደገፉ እግራቸውን ያነሡ ጀመር።

"ምን ብለው ነው ያሳቋቸው?" አሉ ዶክተሩ።

"ያው የእርስዎን ነው ዶክተር። ትንሽ ቅቤ ቀባሁት።"

እኔ አልሳቅሁም። ከደረጃው ሥር ቆሜ ያንን ጥቁር ጫማውን አየዋለሁ። በዚያው ጠዋት የጠረገው ነበር፤ ያበራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ያናድደኛል። ሰልፉን አቋርጠው መጀመሪያ የገቡት የግራዝማች ባለቤት ናቸው። ግራዝማች የከተማው ትልቅ ሰው ስለሆኑ ማንም አልተናገራቸውም። ሴትየዋ ነጠላቸውን ገልጠው አንገታቸውን አሳዩ።

"በልጅነቴ የነቀሱኝን ያጥፉልኝ። አዲስ አበባ ስሄድ ዘመዶቼ እንደ ባላገር ያዩኛል።"

"እሜቴ፣ ንቅሳቱ ያምራል። ጠባሳው ከንቅሳቱ ይብሳል" አሏቸው።

"ይባስ። ጠባሳ እንኳ የሥልጣኔ ነው።"

ከኋላቸው ሌላዋ ማድያቷን፣ ሌላዋ የጆሮዋን እባጭ፣ አንዱ ጎልማሳ አፍንጫው ላይ ያለችውን ኪንታሮት ይዞ ተሰለፈ። የሚያምር ፊት ፈላጊው በዛ። ዶክተሩ ለወልዴ ዘወር ብለው "ቡግር የሚያስጨንቀው የለም አላሉኝም ነበር?" አሉት። ወልዴም እየሳቀ፣ ሰው እያሰለፈ፣ አዛውንት እየደገፈ ዋለ። ተራው የደረሰ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ያልፋል። እሱ በር ላይ ቆሞ ያሳልፋል።

በዚያ ሁሉ መሃል እውነተኛው በሽተኛ ተገኘ። ከቸሃ በኩል የመጣ ገበሬ ነው፤ የእግሩ ትንሿ ጣት ጠቁራለች። የዶክተሩ ቀልድ ጠፋ። ጣቲቱ እዚያው ተቆረጠች። ገበሬው እንዳይፈራ እጁን ይዞ፣ ስለ ዘር ዋጋ እያጫወተ ያስቆረጠው ወልዴ ነው። ሲጨርሱ ሰውየው በበቅሎ ተጭኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ገበሬ ዛሬም ያርሳል። ገበያ ላይ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ንጋት ላይ፣ ዶክተሩ ሳይነሡ፣ ጓዳ ውስጥ ያዝኩት።

"የሰውየውን እጅ ይዘህ ዐይንህ እያየ ተቆረጠለት። ያንተ ምን ይለየዋል?"

"የኔ ሌላ ነው።"

"በምን አወቅህ?"

"አወቅኋ።"

"አንተ ሰው፣ የከተማውን እግር ሁሉ አሳይተህ የራስህን..."

"ድምፅሽን ቀንሺ። ጣቱን ያጣ ገበሬ ያርሳል። ያ ስም የወጣበት ነጋዴ ምን ይሸጣል? እስቲ ንገሪኝ፣ አስተማሪ አይደለሽ?" ካልሲውን ሳብ አድርጎ ጫማውን አሰረ። "ደግሞ እንግዳ ነው። ቤቴ ያረፈ፣ እንጀራዬን የበላ ሰው ፊት እግር ማንሣት ነውር ነው። በእናንተ አገር አይነወርም?"

ይነወራል። ይህ ነው የሚያቃጥለው፤ በእኛም አገር ይነወራል።

ዶክተሩ በሚሄዱበት ቀን የስንብት ምሳ አዘጋጀን። ግራዝማች መጡ፤ ጎረቤታችን ሐጂ ሸረፋም መጡ። ሐጂ የእኛን ቢላዋ ሥጋ ስለማይበሉ እንደወትሮው አይብና ጎመን ለብቻ አቀረብኩላቸው። ለሃይማኖት ሲሆን ለብቻ መብላት ክብር ነው። ወልዴን እንቅልፍ የነሣውም ለብቻ መብላት ነበር። ሳህኑን ሳስቀምጥ ይህን አሰብኩ።

ዶክተሩ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ በር መጡ። በማንቆርቆሪያ እያፈሰስኩላቸው፣

"ዶክተር፣ ያላዩት አንድ እግር አለ" አልኳቸው።

"የማን?"

"አብሮዎት ማዕድ የሚቀርበው።"

እጃቸውን ከውሃው አላነሡም። ውሃው አልቆ ባዶውን ማንቆርቆሪያ ዘቅዝቄ ይዣለሁ።

"ተረከዙ ሥር ነው። እሾህ ነው ይላል። ሰው ፊት ግን አይሆንም፤ ሥጋ ደዌ ይሉታል።"

"ገባኝ" አሉ።

ከምሳው በፊት ተነሥተው ቆሙ። "ወልቂጤን ጫማ አስወልቄ የወልቂጤን ትልልቅ ሰዎች ሳላስወልቅ ብሄድ ትዝብት ነው" አሉ። "በሉ፣ እኔ ልጀምር።" አወለቁ። ሐጂ ወዲያው እግራቸውን አነሡ።

"እኔ በቀን አምስት ጊዜ አጥበዋለሁ። ወላሂ ከፊቴ ይልቅ እግሬን አውቀዋለሁ።"

"እውነት ነው፤ ከፊትዎም ያምራል" አሉ ዶክተሩ።

ግራዝማች እያጉረመረሙ አወለቁ። ካልሲያቸው ቀዳዳ ነበረው፤ አውራ ጣታቸው ብቅ ስትል ሐጂ "ሰላም ለእርስዎ ይሁን" አሏት። ቤቱ ሳቀ። ወልዴም ሳቀ፤ ጎንበስ ብሎ ቀኝ ጫማውን ፈታ። ቀኙን ብቻ። ንጹሕ፣ ለስላሳ እግሩን አገላብጦ አሳየ።

"የቀረችው መንትያዋ ናት" አለ። "አንዷን ያየ ሁለቱን አየ።"

"መንትዮች ጠባያቸው ይለያያል፣ ጋሽ ወልዴ።"

"ቅቤው ሳይቀዘቅዝ ላምጣ" ብሎ ተነሣ። አንድ እግሩ ባዶ፣ አንድ እግሩ በጫማ፣ በጓሮው በር ወጣ። እንግዶቹ አሁንም ይስቃሉ። እኔ ተከተልኩት። ቅቤው ጓዳ ነበር፤ እሱ ግን እንሰቱ መሃል ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ጥቂት ቆይተው ዶክተሩ ወደ ጓሮ የሚወጣ ሰው መስለው መጡ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ይቀመጡ። ማንም አያየንም።"

ወልዴ ወደ እኔ ዞረ። እንዲያ ያለ አስተያየት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየሁበትም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እንሰት የሚፋቅበት እንጨት ላይ ተቀመጠና ግራ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ቁስሉ ላይ ተጣብቆ እምቢ አለ። ዶክተሩ ከነሱሪያቸው እርጥቡ መሬት ላይ ተንበርክከው ውሃ እያስፈሰሱኝ ቀስ ብለው ላጡት። ብዙ አዩት። በእርሳስ ጫፍ ዙሪያውን እየነኩ "ይሰማዎታል?" አሉት። "ይሰማኛል።" ብሽሽቱን ዳሰሱ፤ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። "እዚህ ገና አልደረሰም" አሉ ለራሳቸው።

"እሱ ነው?" አለ ወልዴ።

"ምኑ?"

"እሱ።"

"ሥጋ ደዌ? አይደለም። እሱ ቢሆን ሲነኩት አይሰማዎትም ነበር። ይህ ግን..."

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወልዴ አልሰማም። በእግዚአብሔር እላለሁ፣ አልሰማም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ወዲያው ሳቀ። የዶክተሩን ትከሻ ይዞ ሳማቸው። "አይደለም አለ። ሰማሽ? አይደለም አለ!"

"ጋሽ ወልዴ፣ ይስሙኝ" አሉ ዶክተሩ፣ አሁንም እንደተንበረከኩ። "ሥጋ ደዌ በሆነልኝ። እሱ መድኃኒት አለው፤ ክኒን ሰጥቼዎት እሄድ ነበር። ይህ ካንሰር ነው። ከዚያ ገበሬ ጣት ጋር አንድ ነው። ይህ ይገድላል።"

"እሺ ዶክተር።"

"ዛሬ አብረውኝ ይምጡ። መኪናው ላይ የኋላው ወንበር ባዶ ነው። ተረከዙን ቆርጬ አወጣለሁ፤ ከጭንዎ ቆዳ አንሥቼ እሸፍነዋለሁ። ያነክሳሉ፤ ግን ይኖራሉ።"

"ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ።"

"ዛሬ ነው የምልዎት።"

"ሰንጋው ታስሯል ዶክተር። አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤቱ ቢላዋውን የማነሣው እኔ ነኝ፤ ታላቅ ነኝ። ወንድሞቼ ከያሉበት እየገቡ ነው። ያለፈውን መስቀል ከእነሱ ጋር የጎረስኩት አረከስኋቸው እያልኩ ነው። ዘንድሮ በንጹሕ እጅ ልብላ።"

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። "እባክዎ ይንገሯቸው።"

ነገርኩት። ለመንኩት፤ እንግዶቹ እንዳይሰሙ ድምፄን አፍኜ ተሳደብኩ። እንሰቱን ተደግፌ "ወንድሞችህ ለቀብርህ ነው የሚሰበሰቡት" አልኩት። እሱ ግን ካልሲውን ኪሱ ከትቶ፣ ጫማውን በባዶ እግሩ ተጫምቶ፣ እጁን ታጥቦ ገባ። ቅቤውን ከጓዳ ይዞ ማዕዱ ላይ ቀረበና እንደዚያ ቀን ሲበላ አይቼው አላውቅም። ግራዝማችን አጎረሰ። ዶክተሩን አጎረሰ፤ እሳቸው ጉርሻውን ተቀብለው አላላመጡትም።

ላንድሮቨሩ ሲነሣ ባዶው ወንበር ላይ የመሣሪያ ሣጥናቸውን አደረጉበት። እጄን ጨብጠው "አንድ ሳምንት እንኳ አያቆዩዋቸው" አሉኝ።

ለመስቀል ቸሃ ወረድን። ሰንጋውን ጣለ፤ ከወንድሞቹ ጋር ከአንድ ጣባ በላ። ከዚያ የወንድሞቹ አማቾች ጥሪ መጣ። ከዚያ ሁለት የአክስቱ ልጆች በድንበር ተጣልተው ያለ ወልዴ አንታረቅም አሉ። "ወልዴ፣ እግርህ" ስለው "አይደለም ተብሏል እኮ" ይለኛል። ሐኪም ካለው ሁሉ ውስጥ የያዘው ያንን አንድ ቃል ነው። አዲስ አበባ የገባነው ብርዱ ከጠና በኋላ ነበር። ዶክተር ታደለ ብሽሽቱን ሲዳስሱ እጃቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቆረጡለት፤ የሚቻለውን አደረጉ። አልተቆጡንም። ቢቆጡን ምንኛ ደስ ባለኝ።

ቀጣዩን ክረምት አልወጣም። ሊሞት ሰሞን ትራሱን ሳስተካክልለት "ያቺ መስቀል ግን ጥሩ ነበረች" አለኝ። እስከ ዛሬ መልሱን እፈልጋለሁ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ በለቅሶው ላይ አንዲት ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እግሩ ይታሰር ነበር አሉ፤ ያ ነገር ነበር እንዴ?" ማለቷ ነው። የሸሸው ስም ሞቶም አለቀቀው። ወንድሞቹ ይህን ሰምተው ማስተዛዘኛው ሲቀርብ አንድ ሳህን ብቻ አስመጡ፤ የእሱን ድርሻ መሃል አስቀምጠው ሁሉም ከዚያ ጎረሱ። ምነው በሕይወት ሳለ ነግሯቸው ቢሆን፣ ያኔም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

እዚህ ቡታጅራ ትምህርት ሲከፈት ልጆቹን እግራቸውን አገላብጠው እንዲያሳዩኝ አደርጋለሁ፤ እቤት ገብተውም የአባታቸውን እንዲያዩ አዛለሁ። ዳይሬክተሩ "እትዬ፣ ይህ ፊደል የሚቆጠርበት ነው ወይስ ጫማ የሚለካበት?" ብለውኛል። እስላሞቹ ተማሪዎቼ ለሶላት ዉዱእ ሲያደርጉ፣ እግራቸውን ሲያጥቡ ሳይ ሐጂ ትዝ ይሉኛል፣ እቀናለሁም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከባላችሁ፣ ከሚስታችሁ፣ ከአባታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ከሆነ፣ ወረቀቱን አስቀምጡና እግሩን አገላብጡት። አፍሮ እምቢ ካላችሁ ከወልዴ የተሻለ የሚናገርላችሁ የለም፦ ይህን እግር እናታችሁ አጥባዋለች፤ እናታችሁ ያላፈረችበትን እናንተ ምን ታፍሩበታላችሁ?

ይህን ሲናገር ከደረጃው ሥር ቆሜ እሰማው ነበር። በእግሩ እኔም አላፈርኩም ነበር።